በዕረፍት የሚከፈት በር

ሀብተወልድን የማያውቅ የሐረር ሰው ካለ ወይ ኳስ አይወድም፣ ወይ ገና አፉን አልፈታም። ከጀጎል ግንብ አምስት በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው የአምስት በር ስፖርት ክለብ ሜዳ፣ ትልቁ የብረት በር ሥር ቆሞ ቲኬት ሲቀድ ያረጀ ሰው ነው። በጉብዝናው ዘመን ለዚሁ ክለብ በግራ ክንፍ ይጫወት ነበር። ጥሩ ተጫዋች ነበር አይባልም፤ ሩጫ ግን ነበረው። ድሬዳዋ ላይ አንድ ተከላካይ ጉልበቱን ከሰበረው በኋላ ሩጫውም ቀረና፣ ከሜዳው ላለመራቅ ብሎ በሩን ያዘ። እንደያዘው ቀረ። ሚስቱ ጽጌሬዳ በዚህ ስትስቅበት ኖራለች። "ሰው ኳስ ሊያይ ይሄዳል፤ የእኔው ግን ኳስ የሚያየውን ሰው ሊያይ ይሄዳል" ትላለች። እውነቷን ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ጨዋታ አያይም። ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ የውስጡን በጆሮው እየሰማ ነው የሚውለው። ሀብተወልድ በዚህ ተማርሮ አያውቅም። የተመልካቹን ጩኸት ሰምቶ ኮርነር ይሁን ቅጣት ምት ይለያል፤ ሰው ሁሉ "አይይይ" ሲል የሳተው አጥቂ ማን እንደሆነ በስሙ ጠርቶ ይረግመዋል።

የዚህ በር ወግ ከሌላው ስታዲየም ሁሉ የተለየ ነበር። ጨዋታ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ የጀጎል ወንድ በርጫ ላይ ነው። ጫቱን ይዞ፣ ከወዳጆቹ ጋር መደቡ ላይ ጋደም ብሎ፣ ወሬው ገና መሞቁ ነው። በዚያ ሰዓት ተነሥ ቢሉት ቤቱ ቢቃጠልም አይነሣም። የጨዋታ መርሐ ግብር የሚያወጡት ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር፤ ግን መርሐ ግብሩ የሚወጣው አዲስ አበባ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ የሐረርን በርጫ ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ ሐረር የራሷን ዘዴ አበጀች። ዳኛው ለዕረፍት ሲነፋ የበሩ ሰው መቀርቀሪያውን አንሥቶ ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ በነጻ ይገባል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ሀብተወልድ በሩን ሲረከብ፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ የሰጡት ትእዛዝ ሁለት ብቻ ነበር፤ "ሰክሮ የመጣ አታስገባ። በዕረፍት በሩን ክፈት።"

ሀብተወልድ እነዚያን በዕረፍት የሚገቡትን "የዕረፍት ሰዎች" ይላቸው ነበር። ሲመጡ ከሩቅ ይታወቃሉ። ምርቃናው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከያሉበት ቤት ይነሡና በሸዋ በር ወጥተው፣ የሰርግ ከበሮ እየመቱ፣ የሚኒባስ ረዳቶቹን ጩኸት በጩኸት እያስናቁ ይወርዳሉ። ከፊታቸው ዐብዱልዋሲዕ አለ። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ መስፊያ መኪናውን አስቀምጦ የሚሠራ፣ ጢሙን ሒና የሚቀባ ረጅም ሰው ነው። የክለቡን ባንዲራ የሰፋው እሱ ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ማሊያው ላይ ቁጥር የሚሰፋውም እሱ ነው፤ ለዚህ ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። ያኔ ድሬዳዋ ላይ የሀብተወልድ ጉልበት ሲሰበር አጥሩን ዘሎ ገብቶ፣ ተሸክሞ ከሜዳ ያወጣውም ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ ወዳጆች ናቸው ማለት ያንሳቸዋል።

ዐብዱልዋሲዕ በሩ ጋ ሲደርስ ከበሮውን በእጁ ያስቆምና "ወሪያ ሀብቴ! ስንት ለስንት?" ይላል። ሀብተወልድም ያላየውን ጨዋታ እንዳየ ሰው ይተርክለታል። እየተመሩ ከሆነ "ልጆቹ እናንተን እየጠበቁ ነው" ይለዋል። ያኔ የዕረፍት ሰዎች በአንድ ላይ ይጮኹና ይገባሉ። "በየት በር ገባ?" ይላል ዐብዱልዋሲዕ። "በአምስቱም በር!" ይላል ሰዉ። ያ ጩኸት ሲነሣ የፊት ሰዎች፣ ማለትም ቲኬት ቆርጠው በሥርዓት የተቀመጡት፣ እነሱም ተነሥተው ያጨበጭባሉ። የባላጋራ ቡድን አሠልጣኞች አምስት በርን "የሁለተኛ አጋማሽ ቡድን" ይሉት ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ እንደማንኛውም ቡድን ይጫወታል፤ ከዕረፍት በኋላ ግን ያብዳል። ተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ሆነው ከበሮውን ሲሰሙ የሚሆኑትን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ፤ የወረደ ቡድን ደግሞ ዘመድ የለውም። ስፖንሰሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ተጫዋቾቹ ደመወዝ ካገኙ ወራት አለፉ። አንዳንዱ ምሳ ሳይበላ ልምምድ እየመጣ፣ ሲሮጥ ዓይኑ እየጨለመበት ሣሩ ላይ ቁጭ ይል ነበር። ሀብተወልድ ይህን እያየ ከቤቱ ዳቦ በፌስታል ቋጥሮ የሚመጣበት ቀን ነበር፤ ጽጌሬዳም አይታ እንዳላየች ታልፈው ነበር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ኒቆዲሞስ ይባላል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቡድኑን ሊያድን ነው የመጣው። አንድ ቀን ትሪቡኑ ሥር ባለችው ጠባብ ቢሮ ስብሰባ ጠራና ሀብተወልድንም ወንበር ስቦ አስቀመጠው። ሀብተወልድ በዚያ ክለብ ያን ያህል ዘመን ሲኖር በስብሰባ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ኮቱን ቆልፎ ተቀመጠ።

"ጋሼ" አለው ኒቆዲሞስ፣ "በዕረፍት የሚገባው ሰው ምን ያህል ይሆናል?"

"ኧረ ብዙ ነው! ቲኬት ከሚቆርጠው ይበልጣል እንጂ አያንስም።"

"ሁሉም በነጻ?"

"በነጻ ነው እንጂ።"

ኒቆዲሞስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሀብተወልድ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን ሐሳቡን የጠየቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር፤ የልጆቹም ረሀብ በዓይኑ ላይ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ምነው ያን ቀን ምላሱን በቆረጠው!

"እነሱ ቢከፍሉ እኮ ልጆቹ ደመወዛቸውን ያገኙ ነበር" አለ።

"ይከፍላሉ ብለህ ነው?"

"ይከፍላሉ ወይ? ለአምስት በር ነፍሳቸውን ይሰጣሉ! እኔ ነኝ የማውቃቸው። ዝጉት በሩን። ዘግታችሁ ቲኬት ጠይቁ፤ ይከፍላሉ።"

በዚያው ስብሰባ የቲኬቱ ዋጋ ከአሥር ብር ወደ ሠላሳ ብር ወጣ፣ የዕረፍቱም በር እንዲዘጋ ተወሰነ። ሀብተወልድ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

የሳተው ምኑ ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። የዕረፍት ሰዎች በነጻ የሚገቡት ብር አጥተው አልነበረም። ለአንድ እስር ጥሩ ጫት የሚከፍሉት ከቲኬቱ ይበልጣል። ዋጋውም ቢሆን ከመጀመሪያው ቢጠየቁ ይከፍሉት ነበር። ያ በር በዕረፍት ሲከፈት ግን "ኑ፣ ቤታችሁ ነው፣ እናንተን ስንጠብቅ ነው" መባላቸው ነበር። ሰርግ ቤት ከበሮ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ቲኬት አይጠየቅም። ሀብተወልድ ፍቅራቸውን ለክቶ ነበር፤ ክብራቸውን አልለካም። እኔ እንኳ ከሩቅ ሆኜ ስሰማው የገባኝ ነገር፣ ዕድሜውን በሙሉ በር ላይ ለቆመ ሰው አልገባውም፤ ይህ ያናድደኛል።

በመጀመሪያዋ እሁድ ከበሮው እንደወትሮው ወረደ። ሀብተወልድ በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ብቻ ከፍቶ ቆሟል።

"ወሪያ ሀብቴ! ስንት ለስንት?"

"አንድ ለአንድ።"

"ማሻአላህ! ክፈታ!"

"ዛሬ በቲኬት ነው።"

ዐብዱልዋሲዕ ሳቀ። ከኋላው ያሉትም ሳቁ። "አቦ ተው እንጂ፣ ሊጀመር ነው" አለ።

"የምሬን ነው፣ ዐብዱልዋሲዕ። አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ሠላሳ ብር።"

"ለግማሹ ጨዋታ?"

"ዋጋው አንድ ነው።"

ዐብዱልዋሲዕ እጁን ኪሱ ከተተ። ሀብተወልድ "ይኸው፣ አላልኳችሁም!" ሊል ትንሽ ቀረው። እጁ ግን ኪስ ውስጥ እንዳለ ቀረ። በዚያች መስኮት የሀብተወልድን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ። ቁጣ አልነበረም በፊቱ ላይ። ከደጅ የተመለሰ እንግዳ ፊት ነበር። "እሺ" አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ። "እንመለስ" አላቸው። ከበሮ መቺው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ቆሞ ቀረ፤ ጎትተው ወሰዱት። ውስጥ ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ወጥተው ወደ በሩ በኩል ይመለከቱ ነበር። ያን ቀን ሦስት ለአንድ ተሸነፉ።

"አንድ ሁለት እሁድ ያኮርፋሉ" አለ ሀብተወልድ ለኒቆዲሞስ። "ከዚያ ቲኬታቸውን ይዘው ይመጣሉ።"

አልመጡም። አንድም ቀን አልመጡም። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ቁልቁለት ነው። የታሰበው ገቢ ስላልተገኘ ቲኬቱ ወደ ሃምሳ ብር ወጣ። ሃምሳ ሲሆን የፊት ሰዎችም መሳሳት ጀመሩ። ለካ እነሱም ቢሆኑ የመጀመሪያውን አጋማሽ ታግሠው የሚቀመጡት ሁለተኛውን ብለው ኖሯል። በሩ ላይ ለውዝ የምትሸጠው ናፊያ ጆንያዋ በየሳምንቱ እያነሰ ሄዶ አንድ እሁድ በዘንቢል ብቻ መጣች። በሚቀጥለው ጊዜ ሸዋ በር ሚኒባስ መቆሚያው ጋ ተቀምጣ ሀብተወልድ አገኛት።

"ምነው ናፊያ፣ ተውሽን?"

"ጋሽ ሀብቴ፣ ለውዝ ሰው ይፈልጋል" አለችው፤ አንገቷን ደፍታ። አንድ ስኒ ሙሉ ለውዝ ሰፍራ ኪሱ ውስጥ ጨመረችለት፤ ብር ሲያወጣ እጁን መለሰችው።

ሜዳው ጸጥ አለ። ሀብተወልድ በጆሮው ጨዋታ የሚከታተል ሰው ነበር፤ አሁን የሚሰማው የኳሱ ጡም ጡም እና የአሠልጣኙ ስድብ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ከጅግጅጋ በኩል የመጣ እንግዳ ቡድን ተጫዋች ገብቶ ዙሪያውን አየና "ቅጣት አለባችሁ እንዴ? በዝግ ነው የምትጫወቱት?" ብሎ ጠየቀው። ከልቡ ነው የጠየቀው። ሀብተወልድ "አዎ፣ ቅጣት ነው" አለው።

ማታ ማታ ለጽጌሬዳ "እኔ ነኝ ያስዘጋሁት" ይላት ነበር። "ተው እንግዲህ፣ ኮሚቴው ነው የወሰነው" ትለዋለች። "አይደለም። እኔ ነኝ። ይከፍላሉ ያልኩት እኔ ነኝ።" እሷም ራት ታቀርብለታለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ጨዋታዎች ሲቀሩት፣ ኒቆዲሞስ ጠራው። ልጁ ከስቶ ነበር። የመጣ ሰሞን የሚለብሰው ሱፍ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

"ጋሼ፣ ለማንም እንዳትናገር። ገንዘብ የሚመድቡልን ሰዎች ክለቡ ይቅር እያሉ ነው። ሕዝብ የሌለው ቡድን ምን ያደርጋል ነው የሚሉት። እሁድ ራሳቸው መጥተው ሊያዩ ነው። ትሪቡኑን ባዶ ካዩት በቃ፣ የእሁዱ የመጨረሻችን ነው።"

"ሰው ቢያዩስ?"

"ሰው ቢያዩማ እከራከር ነበር። ምን ይዤ ልከራከር አሁን?"

ሀብተወልድ ጥቂት አሰበና "በዕረፍት በሩን ልክፈት?" አለ።

"ክፈት። ከፈለግህ ከመጀመሪያው ክፈተው፤ ምን ይጎድልብናል?"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሀብተወልድ ኮቱን ለብሶ ወደ ጀጎል ገባ። ከዚያች እሁድ ወዲህ የዐብዱልዋሲዕን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። መኪና ግርግር ሲደርስ በሌላ መንገድ እየዞረ ነበር የሚያልፈው። ጠባቧን መንገድ እየወረደ ስድቡን በልቡ አዘጋጀ፤ ማለትም የሚሰደበውን። ምን ቢሉት ምን እንደሚመልስ፣ መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አውጥቶ አውርዶ ጨርሶ ነበር።

ግቢው ውስጥ የዐብዱልዋሲዕ ባለቤት ኸዲጃ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሀብቴ! አለህ እንዴ? ግባ፣ ግባ፣ ምነው እንዲህ ጠፋህ?" ብላ እጁን ይዛ አስገባችው። ቤቱ ውስጥ በርጫ ነው። ሁሉም አሉ፤ ከበሮ መቺውም ሳይቀር። ግድግዳው ላይ ሰፊ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ የእንግሊዝ ኳስ ይታያል። ዐብዱልዋሲዕ ከላይኛው መደብ ተነሥቶ ወረደና አቀፈው። የራሱን ቦታ ለቀቀለት፤ ትራስ አስደገፈው። ሻይ መጣ፣ ሐልዋ መጣ። ስለ ጽጌሬዳ ጤና ጠየቁት፣ ስለ ጉልበቱ ጠየቁት። ስድብ አልመጣም።

ይልቁንም ዐብዱልዋሲዕ ጠጋ ብሎ "ስማ ሀብቴ" አለው፤ "ባንተ ላይ ቂም የለኝም፣ ወላሂ። ያን ቀን ከፋኝ፣ አልዋሽህም። በኋላ ሳስበው ግን አዘዙህ፤ አንተማ ምን ታደርግ? የታዘዘ ሰው ምን ያደርጋል?"

ሀብተወልድ መልስ ሊሰጥ ከንፈሩን አላቀቀ። "እኔ ነኝ ዝጉት ያልኩት" የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። የኸዲጃ ሐልዋ በእጁ ላይ ነበር፤ አፉ ውስጥ ጨመረውና ዋጠ።

አሁን የመጣበትን መናገር ነበረበት። ነገ የመጨረሻው ነው፣ ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ካልመጣችሁልን ሞተናል ማለት ነበረበት። ነገር ግን እንዲህ ከተቀበሉት በኋላ፣ ከነሻዩ ከነትራሱ፣ "አድኑኝ" ማለት ልመና ሆኖ ታየው። የጎረሰውን ሳይውጥ ጉዳይ የሚያወራ ሰው ሆኖ ለራሱ ታየው። ይሉኝታ ያዘው። አይ ይሉኝታ! ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ እግዜር ይቁጠረው።

"ነገ ጨዋታ አለ" አለ ብቻ። "በዕረፍት በሩ ይከፈታል። እንደ ድሮው።"

በዚያው ቅጽበት እንግሊዝ አገር ጎል ገባ። ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ጮኸ፤ ከበሮ መቺው የቴርሞሱን ክዳን እየመታ የአንድ ፈረንጅ ስም እየጠራ ዘለለ። ሀብተወልድ ያን ጩኸት ያውቀዋል። ያ ጩኸት የእሱ በር ሲከፈት ነበር የሚሰማው። ተቀምጦ አዳመጠው።

ጩኸቱ ሲበርድ ዐብዱልዋሲዕ "ነገ አልከኝ?" አለው። "ኢንሻአላህ።"

እሁድ ዳኛው ለዕረፍት እንደነፋ ሀብተወልድ መቀርቀሪያውን አነሣ። ሦስት ዓመት ያልተነቃነቀው የግራ መዝጊያ ዝጎ ስለነበር በትከሻው ገፋው። ሁለቱንም ወለል አድርጎ ከፍቶ መሐል ላይ ቆመ። ትሪቡኑ ላይ እንግዶቹ ከኒቆዲሞስ ጋር ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን ይነካካሉ። መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። ጀሪካን የጫነ አህያ አለፈ። አንዲት ሴት ቆም ብላ የተከፈተውን በር አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ "ኳስ ነው፣ ግቢ፣ በነጻ ነው" አላት፤ ሳቀችና ሄደች። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። እንግዶቹ ብዙም ሳይቆዩ ተነሡ፤ መኪናቸው በተከፈተው በር ወጥታ አቧራዋን አልብሳው ሄደች። የመጨረሻው ሰውዬ በመስኮት እጁን አወዛወዘለት።

አቧራው ሳይረግብ ዐብዱልዋሲዕ ብቻውን ሲመጣ አየው። ከበሮ የለም፣ ሰው የለም።

"አላመኑኝም እኮ" አለ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች እያየ። "ሄደን ደግሞ ቢዘጋብንስ አሉ። እኔ ቀድሜ ልየው፣ አይቼ እነግራችኋለሁ አልኳቸው። ይኸው ተከፍቷል! ወላሂ ተከፍቷል!" ገባ። ብቻውን፣ ድሮ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ። ሀብተወልድ ከኋላው ቆሞ ጀርባውን አየ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ዐብዱልዋሲዕ አንድ ሁለት ጊዜ "በየት በር ገባ" ሊል እንደ ጀመረ ትቶ፣ ለብቻው ሳቀ።

ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። "ናፍቆኝ ኖሯል፣ ሀብቴ። ያ ቴሌቪዥን እኮ ሣር ሣር አይሸትም። ለሚመጣው እሁድ ሁሉንም ይዣቸው እመጣለሁ። ልጆቻቸውንም ጭምር። በሩ ክፍት ነው ልበላቸው?"

አሁን ተናገር፣ ሀብተወልድ! ሰውየው ከፊትህ ቆሟል፣ ማንም የለም፣ ሐልዋ አፍህ ውስጥ የለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ የሚመጣ እሁድ የለም። ሀብተወልድ ግን ያን የበራ ፊት አየ። ሦስት ዓመት የተመኘውን ፊት። አንዲት ሳምንት እንኳ እንዲህ ሆኖ ይቆይለት ብሎ ተመኘ።

"በላቸው" አለ።

ሰኞ ኒቆዲሞስ ክለቡ መፍረሱን ነግሮ ቁልፉን ተቀበለው። ማክሰኞ በሩ ላይ ሰንሰለትና አዲስ ቁልፍ ተደረገበት። ሀብተወልድ በየቀኑ ጥዋት ተነሥቶ ወደ መኪና ግርግር ሊሄድ ጫማውን ያስራል፤ ሸዋ በር ይደርስና "ነገ እነግረዋለሁ" ብሎ ይመለሳል። ጽጌሬዳ "አንተ ሰውዬ፣ እነዚያ ሰዎች ይመጣሉ እኮ" ትለው ነበር። "ኢንሻአላህ ነው ያሉት" ይላታል፤ እንዳይመጡ እየለመነ። ዕድሜውን በሙሉ ይምጡ ሲል የኖረ ሰው፣ ያን ሳምንት እንዳይመጡ ሲጸልይ ሰነበተ።

እሁድ ምሳ በልተው ሲጨርሱ ከሸዋ በር በኩል ከበሮ ተሰማ። ዕረፍት እንኳ አልጠበቁም። ለአንዲት ቀን በርጫውን ትተው ከጨዋታው መጀመሪያ በፊት ነው የመጡት። ጽጌሬዳ ሳሕኑን እንደያዘች ቆመች። "ሂድ" አለችው።

ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ከበሮው ቆሟል። ድሮ ከሚያውቃቸው በላይ ናቸው፤ ልጆች ትከሻ ላይ አሉ፣ ያረጀ ማሊያ የለበሱ አሉ። ሁሉም ሰንሰለቱን ያያሉ። ለሁለት ተከፍለው አሳለፉት፣ እሱ ሊከፍትላቸው የመጣ መስሏቸው። ሀብተወልድ ሰንሰለቱ ጋ ደርሶ ዞረና ባዶ እጁን አሳያቸው።

"ክለቡ ፈርሷል" አለ።

"መቼ?" አለ ዐብዱልዋሲዕ።

"በዚህ ሳምንት።"

ከኋላ አንዱ "አላልኳችሁም? ደግሞ ዘጉብን!" ብሎ ጮኸ። ሰዉ አጉረመረመ። ዐብዱልዋሲዕ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። ሀብተወልድ ይሰደብ ዘንድ ቆሞ ጠበቀ። እንዲያውም ናፈቀው። "ባለፈው እሁድ ታውቅ ነበር?" ቢሉት "አውቅ ነበር" ሊል፣ "በሩንስ መጀመሪያ ማን አስዘጋው?" ቢሉት "እኔ" ሊል፣ ሁሉንም ሊያወጣው ተዘጋጅቶ ነበር። መጠየቅ ብቻ ነበር የቀራቸው።

ዐብዱልዋሲዕ ቀርቦ ትከሻውን ያዘው። "ደግሞ አዘዙህ፣ አይደል?" አለው ዝግ ባለ ድምፅ። "አይ ሀብቴ። አንተማ ምን ታደርግ።" ከዚያም ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው እጁን ጨበጠና "አላህ ያጽናህ" አለው። ይህን ያዩት ልጆቹን ከትከሻቸው እያወረዱ፣ ከበሮውን መሬት አስቀምጠው፣ አንድ በአንድ ይጠጉት ጀመር። "አላህ ያጽናህ፣ ሀብቴ።" "አላህ ይተካልህ።" ሀብተወልድ ሰንሰለቱን ተደግፎ፣ ለእያንዳንዳቸው "አሜን" እያለ እጁን ሰጠ።